ለጎርፍ የተፈቀደ፣ ለሰው የተከለከለ

በአገራችን የመንገድ አደጋ በተነሣ ቁጥር የማይቀር አንድ ስብከት አለ፡፡ «እግረኛው ሥርዓት የለውም፤ ድልድይ ተሠርቶለት ሳለ አጥር ዘሎ ይሞታል» የሚል ነው፡፡ ከትራፊክ ፖሊሱ እስከ ሬዲዮ አዘጋጁ፣ ትናንት በታክሲ ሰልፍ ላይ አብሮን ቆሞ ዛሬ መኪና እስከ ገዛው ምሁር ድረስ ሁሉም በአንድ አፍ ይሰብከዋል፡፡ እኔ ግን ሟቹን ከመክሰሳችን በፊት ድልድዩን እንመርምረው ባይ ነኝ፡፡

የአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ በ1990ዎቹ ሲዘረጋ ሰፈርን ከገበያ፣ ቤትን ከትምህርት ቤት ለይቶ አለፈ፡፡ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም መሐል መንገዱን አጥሮ ያንኑ ደገመው፡፡ ለተለያየው ሕዝብ የተሰጠው ማስታገሻ በየሩቁ የቆመ የእግረኛ ድልድይ ነው፡፡ ከመኪናው በታች እንዲያልፍ ማን አሰበለት?

እስቲ ቀላል ሒሳብ እንሥራ፡፡ ጭነት መኪና በሥሩ እንዲያልፍ ድልድዩ ከአምስት ሜትር በላይ ከፍታ ይፈልጋል፤ የወለሉ ውፍረት ሲታከልበት እግረኛው የሚወጣው ስድስት ሜትር ያህል ይሆናል፡፡ አርባ ደረጃ ሽቅብ፣ አርባ ደረጃ ቁልቁል ማለት ነው፡፡ በአንጻሩ ሰው ቆሞ ለመሄድ ሁለት ሜትር ተኩል ይበቃዋል፡፡ የጣሪያውን ኮንክሪትና የመንገዱን ንጣፍ ብንደምርበት እንኳ ወለሉ ከአስፋልቱ በታች ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ያርፋል፡፡ ድካሙ በግማሽ ሊቀንስ ምንም አልቀረው፡፡ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው በየአሥራ ሁለት ሜትሩ አንድ ሜትር ብቻ የሚያዘነብል መወጣጫ ይሠራለት ቢባል፣ ለድልድዩ በእያንዳንዱ ወገን 72 ሜትር፣ ለምድር ውስጡ መተላለፊያ 42 ሜትር ያስፈልጋል፡፡ ደረጃ ብቻ ያለውን ድልድይ የሚሠራ አካል የሚሠራው ለማን ነው? ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው፡፡ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ የምትወርደዋን እናት፣ ነፍሰ ጡሯን፣ ጉልበቱን የሚያመውን አዛውንት፣ አህያውን እየነዳ የሚመጣውን ባለ እህል አንባቢ ራሱ ይጨምርበት፡፡ አህያ እንኳ የማትወጣውን ደረጃ አልወጣም ያለውን ሰው «ሥርዓት የለሽ» ማለት ድፍረት ነው፡፡

በጣም የሚያስቆጣኝ ደግሞ ሌላ ነው፡፡ መንገድ በተሠራ ቁጥር በሥሩ የኮንክሪት ሣጥን ይቀበራል፤ ቦክስ ካልቨርት የምንለው ማለቴ ነው፡፡ ለምን? የክረምቱ ጎርፍ እንዲያልፍ፡፡ ውኃ ወደ ላይ ውጣ ቢሉት እንደማይወጣ መሐንዲሱ ያውቃልና መንገዱን በታች ከፈተለት፡፡ አጥር ቢያጥሩበት መንገዱን ንዶ እንደሚሄድም ያውቃል፡፡ ሰው ግን መንገድ አይንድም፤ ይሞታል እንጂ፡፡ ለዚህ ነው ጎርፍ የተከበረው፡፡ ያንኑ ሣጥን ጥቂት አስፍቶና ከፍ አድርጎ መብራት ቢሰቅሉበት የሰው መተላለፊያ በሆነ ነበር፡፡ መንገዱ በሙሌት አፈር ላይ ከፍ ብሎ በሚያልፍባቸው ቦታዎችማ ቁልቁለትም የለው፤ እግረኛው በነበረበት ደልዳላ መሬት ቀጥ ብሎ ይሻገራል፡፡ እንደ አዲስ አበባ ባለ ገደላ ገደል ከተማ እንዲህ ያለ ቦታ ፈልጎ ማጣት ይከብዳል፡፡

«መንገዱ ለወራት ይዘጋል» ይሉናል፡፡ ይህ የተገጣጣሚ ኮንክሪትን አሠራር ካለማወቅ ወይም ላለማወቅ ከመፈለግ የሚመጣ ምክንያት ነው፡፡ ሣጥኖቹ በማምረቻ ግቢ ተሞልተው፣ ጠንክረው፣ ተፈትሸው ያልቃሉ፡፡ መንገዱ በግማሽ በግማሽ ይቆፈራል፤ አንዱ ወገን መኪና ያሳልፋል፡፡ የጠጠር ንጣፉ ከተደለደለ በኋላ ክሬን ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ያስቀምጣል፣ መጋጠሚያው ውኃ እንዳያስገባ ይታሸጋል፣ አፈሩ ከሁለቱም ጎን እኩል በስስ በስሱ እየተጠቀጠቀ ይሞላል፡፡ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ፌሮ ማሰርና ኮንክሪት እስኪጠነክር መጠበቅ የሚወስደው ጊዜ ከመንገዱ ላይ ይነሣል፡፡ በሆላንድ፣ ኤዴ በተባለች ከተማ አጠገብ፣ ከአውራ ጎዳናው ጎን ተሠርቶ የተጠናቀቀን ሙሉ መተላለፊያ በአንድ የሳምንት መጨረሻ ገፍተው ሥር ካስገቡት ዓመታት አልፈዋል፡፡ እኛም ለነገሩ እንግዳ አይደለንም፤ በደርግ ዘመን በዩጎዝላቭ ቴክኖሎጂ ተገጣጣሚ የሕንፃ አካላት ስናመርት ነበር፡፡ እውነተኛው ጣጣ ኮንክሪቱ ሳይሆን በካርታ ላይ የሌለው የውኃ ቧንቧና የስልክ ኬብል ነው፡፡ እሱ ደግሞ የመሥሪያ ቤቶች አለመነጋገር እንጂ የምህንድስና ችግር አይደለም፡፡

ሁለተኛው መከራከሪያ «የሽንት ቤትና የሌባ መናኸሪያ ይሆናል» የሚለው ነው፡፡ ይህኛው ስጋት እውነት አለው፤ አላቃልለውም፡፡ ጠባብ፣ ረጅምና ጠማማ ጉድጓድ ቆፍረን ብንተወው እንዲያ ነው የሚሆነው፡፡ ነገር ግን ሰው ከመግቢያው ቆሞ የወዲያኛውን ወገን የቀን ብርሃን የሚያይበት፣ አጭርና ሰፊ፣ ውኃው ወደ ተዳፋቱ በራሱ የሚወርድ መተላለፊያ ሌላ ነገር ነው፡፡ አፉ ላይ ጋዜጣና ቆሎ የሚሸጥ ሰው ቢቀመጥ ከዘበኛ ይልቅ ይጠብቀዋል (ደንብ አስከባሪዎች ካላባረሩት ማለት ነው)፡፡

በኮሪደር ልማቱ አራት ኪሎ ላይ የምድር ውስጥ መተላለፊያ ከነሱቆቹ ሲሠራ አይተናል፡፡ ስለዚህ አይቻልም የሚለው ክርክር አብቅቷል፡፡ የእኔ ቅሬታ ስለ ቦታው ነው፡፡ አራት ኪሎ መኪና ቀስ ብሎ የሚሄድበት አደባባይ ነው፤ እዚያ የትራፊክ መብራትና ሰፊ ዜብራ እግረኛውን ከመሬት ሳያወርደው ባሻገረው ነበር፡፡ ሣጥኑ የሚያስፈልገው መኪና በማይቆምበት፣ ሊቆምም በማይችልበት በቀለበት መንገዱና ከከተማው በሚወጡት ሰፋፊ ጎዳናዎች ላይ ነው፡፡ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳናዎች ለሰዓታት ከመኪና ነጻ ሲሆኑ ደስ ብሎኝ ነበር፤ በማግስቱ ግን አጥሩም ደረጃውም ባሉበት ነበሩ፡፡

የቦታ ምርጫውም ቢሆን አዲስ ጥናት አይጠይቅም፡፡ ሕዝቡ በእግሩ ጽፎታል፡፡ የተቀደደው አጥር፣ በሣሩ መካከል የተረገጠው ቀጭን መንገድ፣ የታጠፈው ብረት የት እንዳለ የሰፈር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፡፡ በቀጣዩ የቀለበት መንገድ ጥገና ጨረታ ሰነድ ላይ፣ አጥሩን ጠግኖ ከፍ ማድረግ ከሚለው ዝርዝር ፋንታ፣ በእነዚያ ቀዳዳዎች ሥር ሣጥን ማስቀመጥ የሚል መስመር ይግባ፡፡