የመድኃኒት ዕፅዋት ጭምቆችን የላብራቶሪ ፍተሻ አስመልክቶ ከማኅበራችን የተሰጠ የአቋም መግለጫ

በዩኒቨርሲቲዎቻችን ላብራቶሪዎች ስሚዛ፣ ብሳና፣ ግራዋና ጤና አዳም ሳይፈጩ የሚያልፍ ዓመት የለም። ቅጠሉ ወይም ሥሩ በጥላ ይደርቃል፤ ይፈጫል፤ በሜታኖል ይዘፈዘፋል፤ ጭምቁ በባክቴሪያ፣ በወባ ጥገኛ ወይም የስኳር ሕመም እንዲይዛቸው በተደረጉ አይጦች ላይ ይሞከራል። ጽሑፉ «ከሕዝቡ 80 በመቶው በባህል መድኃኒት ይጠቀማል» ብሎ ይጀምራል (ይህን ዓረፍተ ነገር ጽፎ የማያውቅ አባል በመካከላችን ቢፈለግ ላይገኝ ይችላል)፤ «ውጤቱ የባህል አጠቃቀሙን ትክክለኛነት ያረጋግጣል» ብሎም ይደመድማል። ማኅበራችን የሚቃወመው ይህን መደምደሚያ ነው።

አቋማችን እንዲህ ነው። የባህል አዋቂው መድኃኒቱን ከሚያዘጋጅበት መንገድ ያልተነሣ ፍተሻ፣ ቢሳካም ባይሳካም፣ ስለ ባህል መድኃኒቱ የሚመሰክረው ጥቂት ነው። ተሳክቶ እንኳ ቢገኝ፣ በላብራቶሪ ሳህን ላይ የታየ ውጤት ለታማሚ «ፈዋሽ» ተብሎ ሊነገር አይገባም።

ለመጀመሪያው ነጥብ ከእንዶድ የተሻለ ምስክር የለንም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ አካባቢ ቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ገዳዩ ንጥረ ነገር ሳፖኒን መሆኑ በኋላ ታወቀ፤ ከሳፖኒኖቹ አንዱም በእሳቸው ስም ሌማቶክሲን ተባለ። ለፈታሽ የሚበጀው ትምህርት ግን ከዚያ ወዲህ የተገኘው ነው። በደረቁ ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን በአብዛኛው ሁለት የስኳር ሰንሰለት የተሸከመና ቀንድ አውጣ የማይገድል ነው። ፍሬው ተወቅጦ ከውኃ ጋር ሲገናኝ የራሱ ኢንዛይም አንዱን ሰንሰለት ይቆርጠዋል፤ ገዳዩ ዓይነት የሚገኘውም ያኔ ነው። ፍሬውን በቀጥታ ሜታኖል ውስጥ ብንዘፈዝፈው ኢንዛይሙ ሥራውን ያቆማል፤ የሚወጣው ጭምቅም ቀንድ አውጣውን እምብዛም አይጎዳውም። ሙቀጫና ውኃ ብቻ የያዙት የአድዋ ሴቶች ትክክለኛውን ዝግጅት በእጃቸው አድርገው ነበር። ዛሬ አንድ ተማሪ እንዶድን እንደ ልማዳችን በሜታኖል ብቻ ቢፈትሽ «አይሠራም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ መርማሪዎቹም ያሳልፉታል።

በቻይና የሆነውም ከዚህ አይርቅም። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ ለወባ የሚፈትኑት የአርቴሚዝያ ዕፅ ጭምቅ አንድ ጊዜ ሠርቶ ሌላ ጊዜ ሲከሽፍባቸው፣ በ4ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ የሕክምና መጽሐፍ ቅጠሉ በውኃ ተነክሮ እንዲጨመቅ እንጂ እንዲፈላ እንደማያዝ አስተዋሉ። ሙቀቱ መድኃኒቱን እንደሚያበላሽ ጠርጥረው በአነስተኛ ሙቀት በሚተን ኤተር አወጡት፤ እ.ኤ.አ. በ1971 የተገኘው ጭምቅ በአይጦች የወባ ጥገኛ ላይ ሙሉ በሙሉ ሠራ። አርቴሚሲኒን የተገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2015 የኖቤል ሽልማትም ተከተለ።

ስለዚህ ማንኛውም አባል አዋቂው በሚያዘጋጀው ዓይነት (በውኃ፣ በጠላ፣ በማር፣ በቅቤ፣ በጢስ) የተሰናዳ ጭምቅ በፍተሻው ውስጥ እንዲያካትት እንጠይቃለን። ሜታኖሉ ይቅር አላልንም፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ወደ ሳህኑ እንምጣ። ባክቴሪያ በተዘራበት አጋር ላይ ጭምቅ ተነክራ በተቀመጠች ክብ ወረቀት ዙሪያ የሚታየውን ባዶ ቀለበት በሚሊሜትር ለክቶ ዕፅን ከዕፅ ማወዳደር አሳሳች ነው። በውኃ የማይሟሙ ንጥረ ነገሮች በአጋሩ ውስጥ በደንብ አይሰራጩም፤ ብርቱ የሆነውም ደካማ መስሎ ይታያል። ዝቅተኛውን የመግቻ መጠን መለካት ይሻላል። ጭምቁ ከ100 ማይክሮግራም በሚሊሊትር በላይ ካልሆነ የማይሠራ ከሆነም ውጤቱን «ጠንካራ» ማለት አይገባም። በዚያ መጠን በረኪናም ባክቴሪያ ይገድላል፤ የሚጠጣው ግን የለም። ከሰው ወይም ከእንስሳ በተወሰዱ ሕዋሳት ላይ አብሮ ያልተፈተነ ገዳይነት መድኃኒትን ከመርዝ አይለይልንም። ጭምቁ የተሟሟበት ፈሳሽ ለብቻው፣ የታወቀ መድኃኒትም ለብቻው ጎን ለጎን መፈተናቸው ለማንም አዲስ ነገር አይደለም፤ ሆኖም ዛሬም የሚዘለልበት ጽሑፍ ይደርሰናል። በጸረ ኦክሳይድ ፍተሻ የዲፒፒኤች ቀለም መደብዘዝን አይቶ «ካንሰር ይከላከላል» ስለማለት ብዙ መናገር አያስፈልግም።

የአይጥ ሙከራን የሚያቀርቡ አባላት አንድ ቀላል ስሌት እንዲጨምሩ እንፈልጋለን። ለትንሿ የላብራቶሪ አይጥ (ማውስ) በኪሎ 400 ሚሊግራም ሲሰጥ፣ በሰውነት ገጽ ስፋት ሲመነዘር 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ 2 ግራም ጭምቅ ይሆናል። ዕፁ ከክብደቱ 10 በመቶ ጭምቅ የሚሰጥ ከሆነ ይህ በቀን 20 ግራም ደረቅ ቅጠል ማለት ነው። አዋቂው የሚያዝዘው አንድ ቁንጥር ከሆነ፣ የተፈተነው የእሱ መድኃኒት አልነበረም። ስሌቱ ከአንድ መስመር አይበልጥም፤ የጽሑፉን መደምደሚያ ግን ሊለውጠው ይችላል።

«ከጥንት ጀምሮ ሲወሰድ ስለኖረ አይጎዳም» የሚለውን ክርክር ማኅበሩ አይቀበልም። በ19ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ የመድኃኒት መዛግብት የገባው ኮሶ እንኳ መጠኑ ሲያልፍ ዓይንን እንደሚጎዳ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። አያቶቻችንም ኮሶን ፈርተው ነበር የሚጠጡት።

የዕፁ ማንነትም የዋዛ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጅየም ክብደት ለመቀነስ የቻይና ዕፅ የወሰዱ ከመቶ በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ ስቴፋኒያ በተባለው ዕፅ ፋንታ በቻይንኛ ስሙ የሚቀራረብ አሪስቶሎኪያ ገብቶ ነበር። በእኛም አገር እምቧይ ሲባል ከአንድ በላይ ዝርያ ይጠራል። ናሙናው በብሔራዊ ሄርባሪየም ወይም በሌላ በታወቀ የዕፅዋት ማኅደር ያልተቀመጠ፣ የተለቀመበት ቦታና ወር ያልተጻፈ ፍተሻ ሌላ ሰው ሊደግመው አይችልም። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በየአካባቢው የሚበቅለውን እንዶድ ሰብስበው ሲያወዳድሩ ዓይነት 44 የተባለውን የመረጡት ከተክል ተክል ልዩነት ስላለ ነው። እሳቸውና ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት አብረው ተቀብለዋል።

የእንዶድ ታሪክ የሚያሳፍርም ገጽ አለው። ዕውቀቱ ከዚህ ሄዶ፣ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የውኃ ቧንቧ ለሚደፍኑ ዛጎላማ እንስሳት ማጥፊያ በማድረግ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ወሰደበት። ዛሬ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለን። ይሁን እንጂ ሕጉን ለውጭ ሰዎች ብቻ የወጣ አድርጎ የማየት ልማድ በራሳችን ዘንድ አለ። ከአዋቂ አፍ ሰምቶ፣ ናሙና ወስዶ፣ በምስጋና ገጽ ላይ «የአካባቢው ነዋሪዎች» ብሎ ማለፍ አይቻልም። የማኅበረሰቡ ፈቃድ አስቀድሞ ይጠየቃል፤ ጥቅም ቢገኝ እንዴት እንደሚካፈል አስቀድሞ በጽሑፍ ይሰፍራል፤ ውጤቱም፣ የከሸፈውም ጭምር፣ ለአዋቂው ተመልሶ ይነገረዋል።

ከዚህ መግለጫ በኋላ የማኅበሩ መጽሔት የናሙና ቁጥር፣ የአዘገጃጀት መግለጫና የማኅበረሰብ ፈቃድ የሌለውን ጽሑፍ ለግምገማ ሳይልክ ይመልሳል። «አይሠራም» የሚል ውጤት፣ ፍተሻው በአግባቡ ከተሠራ፣ ከሚሠራው እኩል ይታተማል። አባላት የላብራቶሪ ውጤታቸውን ለዕፅ ሻጮች ማስታወቂያ እንዲውል መፍቀድ የለባቸውም፤ ስማቸው ያለፈቃዳቸው ሲውል ደግሞ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንዲያመለክቱ ይጠበቃል። ከመግለጫው በፊት ለመጽሔቱ የገቡ ጽሑፎች በነበረው ሥርዓት ይታያሉ።