ነፍሳትን ሳይለዩ መግደል

በከተሞቻችን አንድ ልማድ ተስፋፍቶ እናያለን፤ ይኸውም ክንፍ ያለውን ሁሉ «ተባይ» ብሎ መድኃኒት መርጨት ነው። ይህን የሚያደርጉት ሰዎች ለጤና በማሰብ እንደ ሆነ አንጠራጠርም። ነገር ግን ሌባውን ከባለቤቱ ሳይለይ የሚተኩስ ዘበኛ ቤቱን ጠበቀ እንደማይባል፣ ይህም ሥራ ጤና ጥበቃ ሊባል አይገባውም።

ጉድለቱ የሚጀምረው ከትምህርት ቤት ይመስለናል። ተማሪው የቢራቢሮን ሥዕል ከመጽሐፍ ገልብጦ በደብተሩ ይሥላል፤ ነፍሳት ስድስት እግር፣ ሸረሪትና መዥገር ግን ስምንት እግር እንዳላቸው በቃሉ ያጠናል። ከአጥሩ ጀርባ ባለው ኩሬ የሚርመሰመሰውን እጭ ግን «ትል ነው» ብሎ ያልፈዋል። ያ «ትል» ከጥቂት ቀናት በኋላ ክንፍ አውጥቶ ወደ መኝታ ቤቱ እንደሚገባ የነገረው የለም።

ስለዚህ መምህራን በመስከረምና በጥቅምት፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ አቅራቢያቸው ሜዳና ረግረግ እንዲወጡ እንመክራለን። አንድ ነጭ ሳሕንና አንድ ጭልፋ ይበቃል፤ አጉሊ መነጽር ከተገኘ ደግሞ መልካም ነው። ከኩሬው ዳር ውሃ ቀድቶ በሳሕኑ ላይ መገልበጥ፣ ከዚያም ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። እጩ በውሃው ገጽ ላይ እንደ ስንጥር ተጋድሞ ከታየ የወባ ትንኝ ወገን ነው፤ ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ፣ በኋላው ባለው የመተንፈሻ ቱቦ ተንጠልጥሎ ከታየ ግን ከሌላው የትንኝ ወገን ነው። ያደገችውም በግድግዳ ላይ ስታርፍ ትለያለች፤ የወባዋ ትንኝ ኋላዋን ወደ ላይ ታነሣለች፣ ሌላዋ ግን ከግድግዳው ጋር ተስተካክላ ትቀመጣለች። ደም የምትመጠው ሴቲቱ ብቻ ናት።

በሀገራችን ወባን በብዛት የምታዛምተው አኖፌለስ አራቢየንሲስ የተባለችው ናት። እርስዋም ትልቅ ሐይቅ አትፈልግም፤ ፀሐይ የሚያገኘው ትንሽ ኩሬ፣ በከብት ኮቴ ዱካ የተጠራቀመ ውሃ እንኳ ይበቃታል። በቆሎ ሲያብብ ብናኙ በውሃው ላይ ይረግፋል፤ እጮቿም እርሱን ተመግበው በርትተው ያድጋሉ። ይህ በሀገራችን በተደረገ ምርምር የታወቀ ነገር ነው። በበቆሎ ማሳ አጠገብ የተተወ ጉድጓድ ምን ያህል ክፉ ጎረቤት እንደ ሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በዚያው ሳሕን ውስጥ ሌላ ፍጥረት መገኘቱ አይቀርም፤ ይኸውም ባለ አራት ክንፍዋና ረዥም ሰውነት ያላት፣ በኩሬ ላይ ስትመላለስ የምናያት የውሃ ተርብ ልጅ ነው። መልኩ አያምርም፤ ልጆችም ሲያዩት ይጮኻሉ። ሥራው ግን የትንኝ እጭ መብላት ነው። በኩሬው መርዝ ያፈሰሰ ሰው ሁለቱንም ይገድላል። ትንኝ በሁለት ሳምንት ገደማ ተራብታ ስትመለስ፣ የውሃ ተርብ ግን ለማደግ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጅባታል። ስለ ንብማ ምን እንላለን? ኑግ በሚያብብበት ሜዳ መድኃኒት የሚረጭ ሰው ማሩን ብቻ ሳይሆን ዘይቱንም ያጣል፤ ኑግ ፍሬ እንዲይዝ ንብ ያስፈልገዋልና።

ምናልባት አንድ የከተማ ሰው «እኔ ከረግረግ ምን አለኝ?» ይል ይሆናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች፣ ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ በቀብሪ ደሃር ተገኘች። ይህች በከተማ መኖር የምትወድ፣ በበርሜልና በውሃ ማጠራቀሚያ ጋን የምትራባ ናት፤ በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆናለች። መምጣትዋ ሊታወቅ የቻለው ነፍሳትን ለይተው የሚያውቁ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። እንግዲህ በኩሬ ዳር የተማረ ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ የእናቱን በርሜል ከፍቶ ቢመለከት፣ ክዳኑንም አጥብቆ ቢገጥም፣ ከብዙ ስብከታችን የበለጠ ይጠቅማል።

ስለ ጥንቃቄ ጥቂት እንጨምር። ልጆቹ ከዳር ሆነው ይቅዱ እንጂ ወደ ውሃው አይግቡ፤ ቢልሃርዝያን የምታስተላልፈው ቀንድ አውጣ በቀስታ በሚፈስና በተኛ ውሃ ትኖራለችና። ትምህርቱ ሲያበቃም የትንኝ እጭ ያለበት ውሃ በደረቅ መሬት ላይ ይፍሰስ፤ የውሃ ተርብ ልጅ ግን ወደ ኩሬው ይመለስ።