የአክሲዮን ዋጋ ‘የታችኛውን መስመር ነካ’ ማለት ርካሽ ሆነ ማለት ነው?

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በአውሮፓውያኑ ጥር 2025 በይፋ ከተመረቀ ወዲህ፣ በናይሮቢ የቆየው የዋጋ ግራፍ የማንበብ ልማድ የአዲስ አበባ ቆጣቢዎችም ጉዳይ እየሆነ ነው። በግራፎቹ ላይ አዘውትረው ከሚታዩት መለኪያዎች አንዱ የቦሊንገር ባንድ ነው፤ ብዙ ጊዜ በስህተት ከሚነበቡትም አንዱ ነው።

አሜሪካዊው ተንታኝ ጆን ቦሊንገር በ1980ዎቹ ያስተዋወቀው ይህ መለኪያ ሦስት መስመሮች አሉት። መካከለኛው ባብዛኛው የ20 የግብይት ቀናት የመዝጊያ ዋጋ አማካይ ነው። የላይኛውና የታችኛው ከእሱ በሁለት መደበኛ ልይይት፣ ማለትም ዋጋዎች ከአማካያቸው በሚርቁበት ልክ በእጥፍ፣ ይርቃሉ። ዋጋ ሲዋዥቅ መስመሮቹ ይሰፋሉ፤ ሲረጋ ይጠባሉ።

የተለመደው ምክር “የላይኛውን ሲነካ ሽጥ፣ የታችኛውን ሲነካ ግዛ” የሚል ነው። ቦሊንገር ራሳቸው ግን መስመሩን መንካት ብቻውን የመግዣም ሆነ የመሸጫ ምልክት እንዳልሆነ ደጋግመው አሳስበዋል። መለኪያው “ርካሽ” የሚለው ካለፉት 20 ቀናት አንጻር እንጂ ከኩባንያው ትርፍ አንጻር አይደለም።

የኬንያው ሳፋሪኮም ጥሩ ማሳያ ነው። በ2021 ከ40 ሺሊንግ በላይ የነበረው አክሲዮኑ በ2023 መጨረሻ ከ15 ሺሊንግ በታች ወርዶ ነበር። ዋጋ እንዲህ ለረጅም ጊዜ ሲያሽቆለቁል አማካዩ አብሮ ይወርዳል፤ የታችኛውም መስመር ይከተለዋል። በመሆኑም የዚህ ወር “ርካሽ” ለሚቀጥለው ወር ውድ ሆኖ ይገኛል። መስመሩን እየጠበቀ የሚገዛ ሰው ቁልቁለቱን ሙሉ ሲገዛ ሊከርም ይችላል።

የመስመሮቹ መጥበብም እንዲሁ ነው። ከእርጋታ በኋላ ብርቱ እንቅስቃሴ ሊመጣ እንደሚችል ይጠቁማል፤ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች ግን አይናገርም።

ለአካባቢያችን ገበያዎች ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። መለኪያው የተወለደው በየደቂቃው ግብይት በሚካሄድበት ገበያ ነው። በናይሮቢ ከጥቂት ግዙፍ ኩባንያዎች ውጪ ያሉ በርካታ አክሲዮኖች እምብዛም አይገበያዩም፤ የአዲስ አበባው ገበያ ደግሞ ገና ጀማሪ ነው። ለቀናት ገዥና ሻጭ ያልተገናኘበት አክሲዮን ያው የቀድሞ ዋጋው ተደጋግሞ ይመዘገባል። ልይይቱ ወደ ዜሮ ይጠጋና ሦስቱ መስመሮች ሊገጥሙ ይደርሳሉ። በስልክ ስክሪን ላይ ይህ ከትልቅ ዕድል በፊት ያለ ፀጥታ ይመስላል። እውነቱ ግን ገበያተኛ አለመኖሩ ነው፤ ያንን አክሲዮን የገዛ ሰው ገንዘቡ ባስፈለገው ቀን የሚረከበው ላያገኝ ይችላል።

ስለዚህ ከመስመሮቹ አስቀድሞ መታየት ያለበት በግራፉ ግርጌ የሚገኘው የግብይት መጠን ነው። እሱ ለተከታታይ ቀናት ባዶ ከሆነ፣ የመስመሮቹ መጥበብ ስለ ዋጋው መጪ ጉዞ የሚያስረዳው ነገር የለም።