«ዝም ብዬ ነው የጻፍኩት»

ትንሽ ረዘም ይላል፤ ዳታው እያለቀበት ያለ ሴቭ ያድርገውና ዋይፋይ ሲያገኝ ይመለስበት።

በዚህ ወር ብቻ ሦስት የቀድሞ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቀውኛል። «ቲቸር፣ የድሮ ፖስቶቼን ላጥፋቸው እንዴ?» አንደኛው ሥራ ሊያመለክት ነው፣ አንዷ ኤምባሲ ቀጠሮ አላት፣ ሦስተኛው ምክንያቱን እንኳ አልነገረኝም፤ «እንዲሁ ፈራሁ» ነው ያለኝ። የሦስተኛውን ገጽ ገባ ብዬ አየሁት። አራተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ምን ጽፏል? የገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ሳይጠቀምበት እኩለ ሌሊት ላይ መቃጠሉ አናዶታል። ምሳ በልቶ በቴሌብር ሊከፍል ሲል ኔትወርክ ጠፍቶ ከአስተናጋጇ ጋር ተፋጠው እንደቆዩ ጽፏል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር መሰጠቱን ደግፎ፣ መብራት የሚጠፋባቸው ትምህርት ቤቶች ምን ሊሆኑ ነው ብሎ ጠይቋል። የታክሲ ታሪፍ አለ፣ የነዳጅ ሰልፍ አለ። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ አንድ ባለሥልጣን በቴሌቪዥን በተናገሩት ነገር ቀልዷል። በቃ፣ ይኸው ነው። «ይሄን ነው የፈራኸው?» ስለው «ቲቸር፣ እኔ እኮ ዝም ብዬ ነው የጻፍኩት» አለኝ።

ዝም ብዬ ጻፍኩ! አማርኛችን አንዳንዴ ያስቀናል። ዝም ያለ ሰው እንዴት ይጽፋል? ግን ሁላችንም ይገባናል፤ ማንም አልላከኝም፣ ድብቅ ዓላማ የለኝም፣ የተሰማኝን ነው ማለት ነው። የእኔ አቋም ደግሞ ይሄ ነው፦ ሐሳብን የመግለጽ መብት ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ለዚህ ዝም ብሎ ለተጻፈው ነው። የታዋቂ ሰው ጽሑፍ ቢያንስ ሲታሰር የሚጮህለት አያጣም። ስለ ዳታ ጥቅል ያማረረ ተማሪ ማን አለው?

ለምን እንዲህ እንደምል ለመናገር ወደ ቃሊቲ ልውሰዳችሁ። አቃቂ ቃሊቲ ያስተማርኳችሁ ልጆች ታውቁታላችሁ፤ ሰፈሩ ፋብሪካ አለው፣ መናኸሪያ አለው፣ ጉምሩክ አለው፣ ከ2008 ወዲህ የከተማው ባቡር አንዱ መጨረሻ ነው። ሌላው አዲስ አበቤ ግን «ቃሊቲ ነኝ» ስትሉት «መቼ ትፈታለህ?» ብሎ ይስቅባችኋል። ማረሚያ ቤቱ የሰፈሩን ስም ወስዶበታል። (ልጆቼ በዚህ ቀልድ ስንት ጊዜ እንደተናደዱ አውቃለሁ።)

ማረሚያ ቤቱ ውስጥ ስምንት ዞኖች ነበሩ። በ2003 የታሰረችው ርዕዮት ዓለሙ፣ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህርትና የፍትሕ ጋዜጣ ዓምደኛ፣ እዚያ ነበረች። ወጣቶች ሊጠይቋት ሲመላለሱ አንድ አባባል ሰሙ፦ ስምንቱ ዞኖች ግቢው ውስጥ ናቸው፣ ዘጠነኛው ዞን ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ያለነው ሁላችንም የምንኖርበት ነው። በ2004 ጦማር ሲከፍቱ ስሙን «ዞን ዘጠኝ» አሉት። መፈክራቸው «ስለሚያገባን እንጦምራለን» ነበር።

እነማን ነበሩ? አንዱ አምቦ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር፣ አንዱ የአየር መንገድ መሐንዲስ፣ አንዱ የባንክ ሠራተኛ፤ ኢንተርኔት ላይ ተገናኝተው የተግባቡ ጓደኛሞች። ፓርቲ አልነበሩም፣ ቢሮም አልነበራቸውም። ከዘመቻዎቻቸው አንዱ «ሕገ መንግሥቱ ይከበር» የሚል ነበር። አስቡት እስቲ፣ መንግሥት ራሱ ያወጣው ሕገ መንግሥት ይከበር ማለት! ጦማሩ ብዙም ሳይቆይ አገር ውስጥ እንዳይከፈት ተደረገ። እነሱም በሌላ አድራሻ ይከፍቱታል፣ እሱም ይዘጋል።

ለወራት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ እንደገና መጻፍ ልንጀምር ነው ባሉ በሁለተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2006፣ ስድስት ጦማሪያን ተያዙ፤ በፍቃዱ ኃይሉ፣ ናትናኤል ፈለቀ፣ ማኅሌት ፋንታሁን፣ አጥናፉ ብርሃነ፣ ዘላለም ክብረት፣ አቤል ዋበላ። ሦስት ጋዜጠኞችም አብረዋቸው ታሰሩ፤ ተስፋለም ወልደየስ፣ ኤዶም ካሳዬ፣ አስማማው ኃይለጊዮርጊስ። ሶልያና ሽመልስ ውጭ አገር ስለነበረች በሌለችበት ተከሰሰች። መጀመሪያ ማዕከላዊ፣ ከዚያ ወንዶቹ ቂሊንጦ፣ ሴቶቹ ቃሊቲ። ስለሚያወሩለት ግቢ ስም አውጥተው ሲያበቁ፣ ማኅሌትና ኤዶም እዚያው ግቢ ገቡ።

ክሱ የመጣው በሐምሌ 2006 በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ነው። ተማሪዎቼ፣ እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ፤ ለዛሬው ጉዳያችን ዋናው ይሄ ነው። በክሱ ውስጥ ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ ሚስጥራዊ ግንኙነት ለማድረግ «ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» በሚባል ነገር ሠልጥነዋል የሚል ነበር። ስሙ ያስፈራል አይደል? ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚያገኘው መመሪያ ነው። ጠንካራ ፓስወርድ እንዴት ይመረጣል፣ ፋይል እንዴት ይቆለፋል፣ ኮምፒውተርን ከቫይረስ እንዴት መጠበቅ ይቻላል የሚሉ ትምህርቶች አሉበት። የቤቱን በር መቆለፍ የተማረ ሰው «ምን ልትደብቅ ነው?» ተብሎ እንደመከሰስ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የቀጠሮ ታሪክ ነው፤ ልደታ፣ ተለዋጭ ቀጠሮ፣ ልደታ። በሐምሌ 2007 ከዘጠኙ አምስቱ ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ፤ ርዕዮትም በዚያው ሰሞን ተፈታች። ጥቅምት 5 ቀን 2008 ፍርድ ቤቱ የቀሩትን ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው፤ በፍቃዱ ብቻ አመፅ ማነሳሳት በሚል እንዲከላከል ተባለና በዋስ ወጣ። ማዕከላዊ በ2010 ተዘጋ። አዋጁም በ2012 በሌላ ተተካ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ግን ለማንም አልተመለሰም።

አሁን ወደ 2015 ልዝለል። ከየካቲት 2 ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ተገድበው ከረሙ። ምን አደረግን? አገር ሁሉ ቪፒኤን ጫነ። ባለሱቁ ጫነ፣ እናቴም አስጫነች፣ «ያቺን ቁልፍ የምትመስለውን ነክተሽ ትገቢያለሽ» ተባብለን ተማማርን። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ፌስቡክ ገጻቸው ላይ መግለጫ መለጠፋቸውን አላቆሙም፤ በምን ገብተው ነው ብዬ አልጠይቅም። በ2006 ክስ ላይ ግንኙነትን መሰወር ተብሎ የተጻፈው ነገር በ2015 የእናቴ ስልክ ላይ ነበር። ወንጀል የነበረው ያ ዕውቀት ከሆነ ሁላችንም ወንጀለኛ ነን። ካልሆነ ደግሞ ያኔም አልነበረም። (ትግራይ ከሁለት ዓመት በላይ፣ አማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 ማብቂያ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የነበሩ ልጆች ይሄንን ሲያነቡ «ቪፒኤን ቅንጦት ነው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ የሌለን ኔትወርክ ቪፒኤን አያመጣውም።)

ታዲያ ማንም ያሻውን ይጻፍ ነው የምትለው የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ ስማቸው፣ ፎቷቸውና የሥራ ቦታቸው ከሐሰት ውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ተለጠፈ፤ በጥቅምት 2014 ቤታቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው ኬንያ ፍርድ ቤት ሜታን ከሷል። ያ ፖስት አስተያየት አልነበረም። አንድን ሰው ለይቶ፣ ያለበትን አሳይቶ፣ ሕዝብ እንዲነሳበት የተጻፈ ነው። ከዚህና «ጥቅሌ ተቃጠለ» ከሚለው መሃል ያለውን ርቀት የማይለይ ሕግም፣ ፖሊስም፣ ኮሜንት ሰጪም አደገኛ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መጠቅለል የሚጠቅመው ለነገሩ ባለቤት ለገዳዩ ነው፤ እሱ «እኔም ሐሳቤን ነው የገለጽኩት» ይላል።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው ደግሞ እኛን ይመለከታል። ያኔ የሰውን ጽሑፍ ሰብስቦ ፋይል የሚያደርገው ደሞዝ የሚከፈለው ሰው ነበር። ዛሬ ስክሪንሹት እያነሳን በነፃ የምንሠራው እኛ ነን። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ በአሥራ ሰባት ዓመቷ የጻፈችውን ቀልድ አውጥቶ መሥሪያ ቤቷ የላከባት ሰው መንግሥት አልነበረም፤ የክፍል ጓደኛዋ ነው። (ልጅቷ ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች።) አለቃዋ ጠርተው «ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?» አሏት። ምንም ለማለት አልፈለገችም። ዝም ብላ ነው የጻፈችው።

እና ላጥፋ ወይስ አላጥፋ ላላችሁኝ ሦስታችሁ፦ አስተያየታችሁን አታጥፉ። የታክሲውን፣ የፈተናውን፣ የባለሥልጣኑን ቀልድ ተዉት። በሚቀጥለው ዓመት ካፈራችሁበትም ይቀመጥ፣ ሰው ያድጋል። የምታጠፉት ሌላ ነገር ነው። የመታወቂያችሁንና የፋይዳችሁን ፎቶ አጥፉ፤ ስልክ ቁጥር፣ ፋይዳ፣ ባንክ፣ ቴሌብር ተሳስሮ በተቀመጠበት ዘመን አንዱ ሲወጣ ሌላው ይከተላል። ሳይፈቅዱላችሁ የለጠፋችኋቸውን የጓደኞቻችሁን ፊት አጥፉ። «እገሌ የእገሌ ወገን ነው» የሚል ነገር ሼር አድርጋችሁ ከሆነ ዛሬውኑ አጥፉ፤ ይሄኛው ምንም ሰበብ የለውም።

ሕጉንም እወቁት። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ላይክና ታግ ማድረግን ከ«ማሰራጨት» አይቆጥረውም፤ ሐሰተኛ መረጃ የተሰራጨው ግን ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ተከታይ ስትቆጥሩ ይሄንንም ቁጠሩ። እኔ በዚህ አዋጅ አንዳንድ ትርጉሞች አልስማማም፣ በጣም ልቅ ናቸው፤ እሱን ለብቻው እጽፋለሁ።

ስልካችሁን ደግሞ ቆልፉ። አራት አሃዝ አይበቃም፣ የልደት ዓመትማ በፍጹም። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አካውንታችሁ በስንት ስልክና ኮምፒውተር ላይ እንደተከፈተ እዩ፤ የማታውቁትን አስወጡ፣ ሁለተኛ ፓስወርድ ጨምሩበት። ኢንተርኔት ቤት ከፍታችሁ የረሳችሁት ይኖራል። ያልገባችሁ ኮሜንት ላይ ጠይቁኝ፤ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ አለሁ፣ መብራት ካልጠፋ።