የምንመረቅበትን መስፈርት ከወዲሁ እንወቅ



ባለፈው ዓመት አብሬው የገባሁት ባች ጋውን ለብሶ ሲመረቅ እኔ ፎቶ አንሺ ነበርኩ። አልሐምዱሊላህ፣ ለጓደኞቼ ከልቤ ተደስቻለሁ። ግን እናቴ ደውላ «የአንተስ መቼ ነው?» ስትለኝ የሰጠኋትን መልስ ባሰብኩት ቁጥር አፍራለሁ። «ትምህርቱ ተራዘመ» አልኳት። ትምህርቱ አልተራዘመም፤ ያራዘምኩት እኔው ነኝ፣ ያውም ባለማወቅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምማረው ሲቪል ኢንጂነሪንግ ነው። ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ ላይ ኤፍ መጣብኝ። «በሚቀጥለው ሴሚስተር እደግመዋለሁ» ብዬ ዝም አልኩ። ኮርሱ ግን በእኛ ዲፓርትመንት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው። እሱ ካልታለፈ ቲዎሪ ኦፍ ስትራክቸርስ አንድ አይወሰድም፤ አንድ ካልተወሰደ ሁለት የለም፤ ያለ እነሱ ደግሞ ወደ ሪኢንፎርስድ ኮንክሪት መሄድ አይቻልም። አንዷ ኤፍ ሌሎቹን ሁሉ ይዛ ቀረች። ይባስ ብሎ ያው ኮርስ በሌላኛው ሴሚስተር ለመካኒካል ተማሪዎች ይሰጥ ነበር፤ ዲፓርትመንቱ ከፈቀደ ከእነሱ ጋር መውሰድ ይቻላል። ይህን የሰማሁት ግን የአድ እና ድሮፕ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው ለማማረር አይደለም። በጀመዓችን ስለ ትምህርት ስንረዳዳ የምንቀባበለው ወርክሺትና የድሮ ፈተና ነው። ጥሩ ነው፣ አላህ ይቀበለን። ነገር ግን ወርክሺት አንድ ፈተና ያሳልፋል እንጂ ለዲግሪ አያበቃም። ዲግሪው የራሱ መስፈርት አለው፤ ብዙዎቻችን ደግሞ ያንን መስፈርት የምናውቀው አምስተኛ ዓመት ላይ ነው።

እስቲ በአጭሩ እንያቸው። የኢንጂነሪንግ ትምህርት ፍሬሽማኑን ጨምሮ አምስት ዓመት ነው። ለመመረቅ በኩሪኩለሙ ያሉትን ኮርሶች በሙሉ መጨረስ፣ አጠቃላይ ውጤትን ከ2.00 አለማሳነስ፣ ኤፍ አለመያዝ፣ ኢንተርንሺፕ ወጥቶ ሪፖርቱን ማቅረብና የመመረቂያ ፕሮጀክት መሥራት ያስፈልጋል። በሜጀር ኮርሶች ብቻ የሚሰላ 2.00 ለብቻው የሚጠየቅበትም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ግሬዱ የቱንም ያህል ቢያምር ይህን ፈተና ያላለፈ ዲግሪ አይሰጠውም፤ የወደቀ ግን ደግሞ መፈተን ይችላል። ፈተናው የሚወጣው ከዋና ዋናዎቹ የሙያ ኮርሶች ስለሆነ ዝግጅቱ የሚጀምረው ኮርሶቹን ስንማር ነው።

የውጤት ስሌቱንም በቅጡ አናውቀውም። ሁለት ተማሪዎች ሁለቱም አንድ ኤ እና አንድ ዲ አመጡ እንበል። የመጀመሪያው ባለ 5 ክሬዲቱን ኮርስ ኤ፣ ባለ 3ቱን ዲ ካመጣ አማካዩ 2.88 ነው። ሁለተኛው ባለ 5ቱን ዲ፣ ባለ 3ቱን ኤ ካመጣ 2.13 ይሆናል። ስለዚህ ቀላሏን ኮርስ ለማሳመር ብለን ከባዷን ክሬዲት መጣል ኪሳራ ነው።

መዘግየትም ዋጋ አለው። በ60 ክሬዲት ላይ 1.90 ያለው ተማሪ ወደ 2.00 ለመመለስ በቀጣዩ ባለ 30 ክሬዲት ሴሚስተር 2.20 ቢያመጣ ይበቃዋል። በ150 ክሬዲት ላይ ሆኖ ያው 1.90 ካለው ግን በአንድ ሴሚስተር 2.50 ማምጣት ይጠበቅበታል። ጉድለቱ ያው ነው፤ ዳገቱ ግን በየሴሚስተሩ ይጨምራል። ማስጠንቀቂያና ስንብት የሚመጣውም በዚህ መሃል ነው።

ታዲያ እርዳታ የለም? አለ። የአካዳሚክ አማካሪ ተመድቦልናል፤ እኛ ግን የምናውቃቸው ሬጅስትሬሽን ስሊፕ ሲያስፈርሙን ብቻ ነው። መምህራን የማማከሪያ ሰዓታቸውን በራቸው ላይ ይለጥፋሉ፤ ከሚድ በፊት የሚያንኳኳ ተማሪ ጥቂት ነው። ቱቶሪያል ይዘጋጃል፤ ለሴት ተማሪዎች ለብቻው የሚሰጥም አለ። የታመመ ሰው የሕክምና ማስረጃውን በጊዜው ካቀረበ ሜክ አፕ ሊፈቀድለት ይችላል። በግሬድ ላይ ቅሬታ ያለውም ማመልከት ይችላል። ይህ ሁሉ በሴኔት ሌጅስሌሽኑ ውስጥ ተጽፏል፤ ሁሉም ግን ቀነ ገደብ አለው። ቀኑ ካለፈ በኋላ ዲን ቢሮ ሄዶ ማልቀስ እምብዛም አይጠቅምም።

«ይህን ማስረዳት የዩኒቨርሲቲው ሥራ እንጂ የጀመዓው አይደለም» የሚል ወንድም ይኖራል። ልክ ነው፣ በመጀመሪያ የዩኒቨርሲቲው ነው። ነገር ግን ፍሬሽማኑ ግቢ ሲገባ ሻንጣውን የተቀበልነው፣ ዶርሙን ያሳየነው እኛ ነን። ሲጨንቀውም ከቢሮ በፊት ወደ እኛ ይመጣል። ደግሞም ብዙዎቻችን ከወደቅን በኋላ ዝም የምንለው በሐፍረት ነው። ጀመዓ ውስጥ ኃላፊነት ያለው፣ ደርስ የሚያስተባብር ልጅ «ማስጠንቀቂያ ላይ ነኝ» ማለት ይከብደዋል። ሐያእ መልካም ነው፤ ዕድሜ የሚበላ ዝምታ ግን ሐያእ አይደለም። ዱዓ እናደርጋለን፣ ሰበቡን ማድረስ ደግሞ የእኛ ድርሻ ነው።

ስለዚህ ለአካዳሚክ ዘርፋችን ይህን ሐሳብ አቀርባለሁ። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ፣ አድ እና ድሮፕ ሳይዘጋ፣ አንድ ምሽት ከዒሻ በኋላ ከየዲፓርትመንቱ አንድ ሲኒየር ኩሪኩለሙን ይዞ ይቀመጥ። ጁኒየሮች ግሬዳቸውን ይዘው ይምጡና የትኛው ኮርስ የትኛውን እንደሚይዝ፣ ምን እንደቀራቸው አብረው ይመልከቱ። ለእህቶች የራሳቸው ሲኒየሮች ይመደቡ፤ እስከ ዛሬ መረጃው በወንዶች ዶርም ዞሮ እዚያው ይቀር ነበር። የማንም ውጤት ከዚያ ወንበር እንዳይወጣ፤ አማና ነው።

እኔ ለመጀመሪያው ምሽት ከሲቪል ፈቃደኛ ነኝ። የወደቅኩበትን ቦታ በደንብ ስለማውቀው ለማሳየት አልቸገርም። እናንተም ይህን ጽሑፍ እንዳነበባችሁ አንድ ነገር አድርጉ፦ ነገ የዲፓርትመንታችሁን ኩሪኩለም ከዲፓርትመንት ቢሮ ጠይቁና ያለፋችሁትን ኮርስ አንድ በአንድ ምልክት አድርጉበት። ምልክት የሌለው ቦታ ካስደነገጣችሁ ደግሞ አማካሪያችሁ ዘንድ ሂዱ፤ ሰኔን አትጠብቁ።

እናቴ አሁንም ትጠይቀኛለች። በዚህ ዓመት ኢንሻአላህ ትክክለኛውን መልስ እሰጣታለሁ።