የንግድ ዘዴ የማንም የግል ርስት አይሁን

የቋሚ ደንበኛን አድራሻ መዝግቦ ይዞ «እንደ ወትሮው ላኩልኝ» ሲል ዕቃውን መላክ፤ ይህን ለመሥራት የማንንም ፈቃድ የጠየቀ ነጋዴ የለም። ያው አሠራር ኮምፒውተር ላይ ሲወጣ ግን «የእኔ ፈጠራ ነው» የሚል ባለቤት ይመጣበታል። እ.ኤ.አ. በ1999 አማዞን በአንድ ጠቅታ የመግዛት ዘዴን በአሜሪካ ፓተንት አወጣበትና ወዲያው ባርንስ ኤንድ ኖብል የተባለውን መጽሐፍ ሻጭ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱም በዚያው ዓመት አገደው። እገዳው በይግባኝ የተነሣው በ2001 ነው፤ እስከዚያ ሁለት የገና ገበያ አልፏል።

አውሮፓ ይህን በሕግ ከልክላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ሙኒክ ላይ የተፈረመው የፓተንት ስምምነት፣ በአንቀጽ 52፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምንና የንግድ ዘዴን ከፓተንት ውጭ አድርጓል። ግን ክልከላው «በራሳቸው ብቻ ሲቀርቡ» ነው የሚል ሐረግ ተጨመረበት። ጠበቆች በዚህች ቀዳዳ ገቡ፤ «ቴክኒካዊ ነው» እየተባለ በሺዎች የሚቆጠር ፓተንት ተሰጠ። በ2002 የአውሮፓ ኮሚሽን ይህንኑ ልማድ የሚያጸና መመሪያ አቀረበ። በ2004 መጨረሻ ጽሑፉ በግብርናና በዓሣ ሀብት ሚኒስትሮች ስብሰባ ላይ ያለ ክርክር ሊያልፍ ተሰልፎ ነበር፤ ያስቆመችው ፖላንድ ናት። ጁላይ 6 ቀን 2005 ፓርላማው በ648 ድምፅ ውድቅ አደረገው፤ የደገፉት 14 ብቻ ነበሩ። ድሉ ግን ግማሽ ነው። መመሪያው ወደቀ እንጂ ቀዳዳው አልተደፈነም፤ ቢሮው ዛሬም በዚያው መንገድ ይሰጣል።

«ደክሞ የፈጠረ ዋጋውን አያግኝ ወይ?» የሚሉ አሉ። ያግኝ እንጂ! ለዚህ የቅጂ መብት አለ፤ የሌላውን ፕሮግራም ገልብጦ የሸጠ ይከሰሳል። ፓተንት ግን ከዚህ ያልፋል፤ ያንተን ሳላይ፣ በራሴ ድካም የራሴን ብጽፍ እንኳ ሐሳቡ ስለተያዘ ብቻ ያስከስሰኛል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ፓተንታቸውን እርስ በርስ ተለዋውጠው ይታረቃሉ። የሚለዋወጠው የሌለው ትንሹ ነጋዴ ግን ጠበቃ ከመቅጠር ሱቁን መዝጋት ይቀለዋል።

ወገኖቼ፣ ይህ የፈረንጅ ጠብ ነው ብለን አንለፈው። ከሞያሌ ወዲህም ወዲያም የተጻፈው ሕግ ለእኛ ያደላ ነው። የኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር 123/1987 የንግድ ሥራ ዘዴንም የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ከፓተንት አውጥቷል፤ የኬንያው የ2001 የኢንዱስትሪ ንብረት ሕግም የንግድ ዘዴን አውጥቷል። የአውሮፓ ትምህርት ግን ክልከላ ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ አንዲት ሐረግ አጥሩን ታፈርሳለች። ስለዚህ እነዚህ ሕጎች ለማሻሻያ በተከፈቱ ቁጥር የነጋዴ ማኅበሮቻችን ረቂቁን ቃል በቃል ያንብቡ፤ «በራሱ ብቻ» የምትል ቃል ሾልካ እንዳትገባም ይጠብቁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን።