ጎፈር ማጥለቅ ብቻ ታሪክ አያስተምርም

የዓድዋ በዓል ሲቃረብ ወላጆች ለልጆቻቸው የሚለበስ ፍለጋ ወደ መርካቶ ይወርዳሉ፤ ሸማ ተራን ይዞራሉ። በዕለቱ ልጁ ጎፈር አጥልቆ፣ የካርቶን ጋሻ አንግቦ በትምህርት ቤቱ ግቢ ይፎክራል። ደስ የሚያሰኝና ሊጠበቅ የሚገባው ልማድ ነው። ሆኖም ፉከራው ሲያበቃ ትምህርቱም አብሮ ያበቃል። የአርበኛ ልብስ የለበሰ ተማሪ ታሪኩ ጠልቆ የሚገባው፣ አርበኛው የገጠመውን ምርጫ ራሱ መምረጥ ግድ ሲሆንበት ነው እላለሁ።

ተማሪን መድረክ ላይ አውጥቶ ማስተማር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዮፍታሔ ንጉሤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ተውኔት ይደርሱ፣ ተማሪዎቻቸውም ይተውኑ ነበር። በተውኔት ግን ቃሉ አስቀድሞ ተጽፎ አልቋል። ለታሪክ ክፍል የሚበጀው ቃሉን ተማሪው ራሱ የሚያመጣበት ጨዋታ ነው።

የመቀሌን ከበባ እንውሰድ። በኅዳር 1888 አምባላጌ ላይ ድል ከተገኘ በኋላ የጣሊያኑ ሻለቃ ጋሊያኖ ጦሩን ይዞ መቀሌ እንዳየሱስ ላይ መሸገ። በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውኃው ምንጭ ተያዘ፤ ምሽጉ በጥም ተጨነቀ። አፄ ምኒልክ ግን ጠላት ከነመሣሪያው እንዲወጣ ፈቀዱ። ለምን? ተማሪዎች ንጉሡ ፊት ቆመው ይሟገቱ። አንዷ እቴጌይቱን፣ አንዱ ራስ መኮንንን፣ ሌላው ወንድሙ አምባላጌ ላይ የወደቀበትን ወታደር፣ ሌላዋ የስንቅ ኃላፊ ይሁኑ። «ዛሬ ብንለቀው ነገ ይወጋናል» የሚል ይነሣል፤ «እዚህ ስንከርም ስንቃችን ያልቃል» የሚል ይመልሳል። ንጉሥ የሆነው ልጅ ሁሉንም ሰምቶ ይፈርዳል። ፍርዱ ከምኒልክ ፍርድ ቢለይ እሰየው፤ ለምን እንደተለየ መመርመሩ ራሱ ትምህርት ነው። ጋሊያኖ ተመልሶ ዓድዋ ላይ ተዋግቶ መሞቱን ሲሰማ ደግሞ ክርክሩ እንደገና ይጀመራል።

በአሜሪካ የባርናርድ ኮሌጅ የታሪክ መምህሩ ማርክ ካርንስ ይህን መሰል ዘዴ ያስፋፉት ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው። ከጨዋታዎቹ አንዱ ተማሪዎችን ወደ 1775 (እ.ኤ.አ.) ኒው ዮርክ ይወስዳል፤ አንዳንዱ ለነጻነት፣ አንዳንዱ ለእንግሊዝ ንጉሥ ይሟገታል። የንጉሡ ወገን ሊረታም ይችላል። ያኔ ተማሪው የአገሩ ነጻነት ሰዎች አመንትተው፣ ተከራክረው የወሰኑት ጉዳይ እንደነበረ ይረዳል።

ለአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ልጅ ደግሞ ሌላ ጉዳይ በደጁ አለ። ጣሊያን አዲስ አበባን በ1928 ከያዘ በኋላ ከተማዋን በዘር ለመክፈል አቀደ፤ በጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ አዞረ፤ የአገሬው ገበያ ብሎም ለየው። የዛሬው መርካቶ መነሻ ይህ ነው። እንግዲህ ክፍሉ ይሟገት፦ ደንበኞቿን አራዳ ላይ ያፈራች የበርበሬ ነጋዴ፣ በቀን ሥራ የሚያድር ተሸካሚ፣ ጣሊያን በኋላ ያባረረው የሕንዳዊው መሐመድአሊ ድርጅት ሠራተኛ፣ መረጃ የሚያሾልክ የውስጥ አርበኛ። ማን ይሄዳል? ማን እንቢ ይላል? ቤተሰቡ ሱቅ ያለው ልጅ፣ ቦታ መልቀቅ ለደንበኛ፣ ለዱቤና ለዕቁብ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ይህ እውቀት ወደ ክፍል የሚገባበት በር ሊከፈትለት ይገባል።

ዘዴው ወሰን አለው። የካቲት 12 ቀን 1929 የጀመረው የጣሊያን ጭፍጨፋ በትወና አይቀርብም። ልጅን ገዳይ ወይም ተገዳይ ማድረግ የሟቾችን ክብር ይነካል፤ ልጁንም ይጎዳል። እንዲህ ያለው ታሪክ በምስክሮች ቃል ይነበብ፤ በዝምታ ይታሰብ። መረጃ የሌለው ጨዋታም ተረት ይሆናል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ የወከለው ሰው ምን ያውቅ፣ ምን ይፈራ፣ ምን ይፈልግ እንደነበር የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት አስቀድሞ ይሰጠው።

ይህ ውድ ዕቃ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የተዘጋጀ መምህርና የተሳሳተ ፍርድ የሚታገሥ ክፍል ነው። ፉከራው በየዓመቱ ይቀጥል፤ በማግስቱ ግን አንድ ክፍለ ጊዜ ለሙግቱ ይሰጥ። አባቶቹ በምን ጭንቅ ውስጥ እንደወሰኑ የሞከረው ልጅ፣ ነገ የራሱን ዘመን ጉዳይ ሲዳኝ ሌላውን ወገን መስማት አይከብደውም።